ውፍረትና የኃይል ሚዛን

የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም፣ ከፊቱ የተደቀኑት ጠላቶች የደምቢያን ሕዝብ የጨረሰው ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። ዛሬ በእነዚያ ላይ የተደረበው ችግር ግን ትንኝ የማታስተላልፈው፣ ይልቁንም ብዙዎቻችን እንደ በረከት የምንቆጥረው ነው። ከርሞ ያገኘነውን ዘመድ «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል» እንለዋለን። ረኃብን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ውፍረትን የጥጋብ ምልክት ማድረጉ አያስገርምም፤ ሆኖም ምልክቱ ያታልላል።

ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ከምግብ ተገኝቶ ሰውነት ያልተጠቀመበት ትርፍ በስብ መልክ ይከማቻል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ የሚሠራው ሥራ 68,600 ጁል፣ ማለትም 16 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ወጪው ወደ 80 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። በአንጻሩ 30 ግራም ስኳር ያለበት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እርሱን ለማካካስ እንግዲህ 150 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። የደባርቅ ገበሬ ጭነት ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ይህን ዕዳ በየዕለቱ ይከፍላል። ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ እየተመላለስን ቀኑን በወንበር ላይ የምናሳልፍ ከተሜዎች ግን አንከፍለውም።

ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። ቤልጅየማዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እንዳስተዋለው፣ የአዋቂዎች ክብደት ከቁመታቸው ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ክብደት በኪሎ ግራም፣ ቁመት በሜትር ተለክቶ ክብደቱ ለቁመቱ ስኩዌር ሲካፈል ውጤቱ 25 ከደረሰ ክብደቱ ከመጠን አልፏል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ለበሽታ የሚያጋልጥ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 87 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ውጤቱ 30.1 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ8 የዓለም ሰዎች አንዱ በዚህ ደረጃ ላይ ነበር።

ይህ ስሌት ግን ስቡ የት እንደተከማቸ አይናገርም። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ፣ እኛ ቦርጭ የምንለው፣ ከሁሉ ይከፋል፤ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋልና። ከዚያም የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ይከተላሉ። ስኳርና ግፊት ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ኩላሊትንና ዓይንን ሊጎዱ ይችላሉ።

በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ሕፃናት ባሉበት ክልል ስለ ውፍረት መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንዱ ጤና ጣቢያ ሁለቱንም ሸክም እንዲሸከም መገደዱ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። እንግዲህ ቦርጭን ማመስገን ትተን ወገባችንን እንለካ፤ ግፊታችንንና ስኳራችንን እንመርመር፤ ጎንደር በነፃ የሰጠችንን ዳገትም በእግራችን እንውጣ።