ርካሹን ከማይረባው ለይቶ ስለ መምረጥ፤ ድምፅን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ

ቀድሞ ዘፈንንም ሆነ ንግግርን አጥርቶ ለመቅረጽ ስቱዲዮ፣ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ እንደነበረ የታወቀ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ባቋቋሙ ጊዜ ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። ዛሬ ግን አንድ ክራር ደርዳሪ፣ አንድ ዘማሪ ወይም መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ ሰው በመኖሪያ ክፍሉ ተቀምጦ ሥራውን በኮምፒዩተር ለመቅረጽ ይችላል። በማይክሮፎኑና በኮምፒዩተሩ መካከል ሆኖ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ትንሽ ሣጥን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል፤ ብዙ ሰዎች ሳውንድ ካርድ ይሉታል።

የዚህ ዕቃ ፈላጊ አብዛኛውን ጊዜ ከወር ወር ባጠራቀመው ገንዘብ የሚገዛ ወጣት ነው። የተሸጠለት ዕቃ ለሥራው የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ባለሱቁም ቢሆን ያንን ደንበኛና ወሬውን የሚሰሙትን ጓደኞቹን ሁሉ ያጣል። አስመጪው በበኩሉ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ቢቀርበት ጉዳቱ ከቀድሞው የከበደ ነው። ስለዚህ የዕቃውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ለሦስቱም ይጠቅማል።

አስቀድሞ የመግቢያው ቁጥር

ባለሱቁ ከዋጋ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ «በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ይቀረጻል?» የሚለው ነው። በእንግሊዝ አገር በ1985 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፎከስራይት የሚሠራቸው ሁለት ታዋቂ ዕቃዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ስካርሌት ሶሎ የተባለው አንድ የማይክሮፎንና አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መግቢያ አለው፤ ስካርሌት ቱ አይ ቱ የተባለው ግን ሁለት ማይክሮፎን ይቀበላል። እንግዲህ እየዘፈነ ክራር የሚመታ ሰው፣ ክራሩ የራሱ ፒክአፕ ካለው ሶሎው ይበቃዋል። ክራሩ በማይክሮፎን የሚቀረጽ ከሆነ ግን ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ያለው ያስፈልገዋል፤ ሶሎውን ቢገዛ በሳምንቱ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየቀረጸ የሚደራርብ ሰው ደግሞ ብዙ መግቢያ ላለው ዕቃ ገንዘቡን ማፍሰስ የለበትም።

ስለ ማይክሮፎኑ

ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን ከመሣሪያው 48 ቮልት ካልተላከለት አይሠራም። ዳይናሚክ የሚባለው፣ ለምሳሌ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ሹር ኤስ ኤም 58፣ ይህን ኃይል አይፈልግም፤ ነገር ግን የሚሰጠው ድምፅ ደካማ ስለሆነ መሣሪያው አጉልቶ ማንሣት አለበት። ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ የተባለው ከዚህም ይልቅ ደካማ ሲሆን ቢያንስ 60 ዴሲቤል ማጉላት ያስፈልገዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ትውልድ ሶሎ እስከ 57፣ ቱ አይ ቱው እስከ 69 ዴሲቤል ስለሚያጎላ፣ ደንበኛው የያዘውን ማይክሮፎን ሳይጠይቁ መሸጥ ስሕተት ነው። ደግሞም የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ለመቅረጽ የሚፈልግ ደንበኛ፣ በቀጥታ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክሮፎን ሊበቃው ይችላል። ይህን እውነት የሚነግር ባለሱቅ የዛሬውን ትርፍ ቢቀንስም ለነገ ደንበኛ ያተርፋል።

በካርቶኑ ላይ ስለ ተጻፉት ቁጥሮች

በካርቶኑ ላይ 192,000 የሚለውን ቁጥር አይቶ ዋጋ የሚጨምር ገዢ ብዙ ነው። ሆኖም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሽያጭ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ይህም እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ሲበቃ፣ የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ገደማ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው 24 ቢት መሆኑ ነው፤ ቀራጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢቀርጽ እንኳ ጥራቱ ሳይበላሽ በኋላ ሊያነሣው ይችላል። ለምሳሌ ኤም ኦዲዮ ኤም ትራክ ሶሎ 16 ቢት ሲሆን፣ ቤሪንገር ዩ ኤም ሲ 202 ኤች ዲ 24 ቢት ነው።

ሌላው የድምፅ መዘግየት ነው። ኮምፒዩተሩ በሰከንድ 48,000 እየለካ 128 ልክ በአንድነት ሲያጠራቅም የሚዘገየው ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1,024 ሲያጠራቅም ግን ከ21 ይበልጣል፤ ዘፋኙም የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ኋላ ኋላ ይሰማዋል። ስለዚህ ድምፁን ሳያዘገይ ከመሣሪያው ወደ ጆሮ ማዳመጫው በቀጥታ የሚያሰማ ማብሪያ ያለው ዕቃ መምረጥ ይበጃል።

ስለ መብራትና ስለ ክፍሉ

ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ኃይላቸውን ከኮምፒዩተሩ በዩኤስቢ ገመድ ስለሚያገኙ ሌላ መሰኪያ አያስፈልጋቸውም። በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ሥራው አይቋረጥበትም። በሌላ በኩል በባዶ ክፍል የተቀረጸና የሚያስተጋባ ድምፅ በውድ መሣሪያ አይታረምም፤ በግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ብዙ ብር ያድናል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

አስመጪው አንድ ዓይነት ብቻ በብዛት ከማስመጣት ይልቅ ባለ አንዱንና ባለ ሁለቱን የማይክሮፎን መግቢያ አመጣጥኖ ቢያዝ፣ የማይክሮፎን ገመድና የጆሮ ማዳመጫም ቢጨምርበት ይሻለዋል፤ ያለ እነዚህ መሣሪያው ብቻውን አይሠራምና። የዕቃውን መለያ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት መመርመር፣ ከአስመሳይ ዕቃ ይጠብቀዋል። ባለሱቁ ደግሞ አንድ ኮምፒዩተር በጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ፣ ገዢው የራሱን ድምፅ ቀርጾ ሰምቶ እንዲሄድ ቢያደርግ፣ ክርክርና መመለስ ይቀንስለታል። በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የአንድ ወጣት ተስፋ መኖሩን ተረድቶ የሚሸጥ ነጋዴ ከገንዘቡ ጋር መልካም ስምን ያተርፋል።