በልግ ከቀረ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ነን?

ዩኒቨርሲቲ እያለን ፕሮባቢሊቲ የተማርነው በሳንቲምና በከረጢት ውስጥ ባሉ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ነበር። አንድ ኳስ እናወጣለን፣ እንመልሳለን፣ ደግመን እናወጣለን። ኢኮኖሚክስ ተምሬ እስክመረቅ ድረስ አንድም ቀን እውነተኛ ከረጢት አላየሁም። የዛፍ ንድፍ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚሳል በደንብ የገባኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከሚሴ አጠገብ፣ ዳዋ ጨፋ ውስጥ፣ የጓደኛዬ አባት ግቢ ቡና እየጠጣሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዛችሁ አካባቢውን ታውቁታላችሁ። የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው ሰፊው የጨፋ ሜዳ ከመንገዱ ሲታይ «እዚህ ደግሞ ምን ችግር ይኖራል?» ያሰኛል። ከሜዳው ወጣ ብሎ በዝናብ ብቻ ለሚያርስ ሰው ግን ሰማዩ አንድ ጊዜ መስጠቱ አይበቃውም። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የአገሬው ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በልጉ መምጣት፣ ቀጥሎ ክረምቱ ማሽላው ፍሬ እስኪይዝ መዝለቅ አለበት። መምህራችን ጥምር ክስተት ሲሉን የነበረው ለካ ይሄ ነው።

«አባባ፣ ከአሥር ዓመት ስንቱን በልጉ በሰዓቱ ይመጣል?» አልኳቸው።

«ስድስቱን በል። ድሮ ይሻል ነበር።»

«በሰዓቱ ከዘሩ በኋላስ ስንት ጊዜ ጥሩ ያፍሳሉ?»

«ከአሥሩ ሰባት። አልሐምዱሊላህ።»

ቁጥሩ የሚቲዮሮሎጂ መረጃ አይደለም፤ የእሳቸው ማሳና የእሳቸው ትዝታ ነው። ለእኔ ሥራ ግን በቂ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ከግራ በኩል አንድ ነጥብ አደረግሁ፣ ከነጥቡም ሁለት ቅርንጫፍ ሳልኩ፤ «በልግ መጣ» እና «በልግ ቀረ»። ክፍልፋይ እንዳያደናግር መቶ ዓመት እናስብ አልኳቸው። በ60ው በልግ ይመጣል፣ በ40ው ይቀራል። ከ60ው ውስጥ ከአሥር ሰባቱ ሲሳካ 42 ዓመት ጥጋብ ነው። ሕጉ ይህችው ናት፤ በቅርንጫፉ ላይ ወደፊት ስትሄዱ ታባዛላችሁ፣ በመጨረሻ አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸውን ጫፎች ትደምራላችሁ።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት የተማረ ሰው ስህተት ነበር። «በልግ ቀረ» በሚለው ቅርንጫፍ ላይም ያንኑ ሰባት ከአሥር ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ። ሳቁብኝ።

«ዘግይቶ የተዘራ ማሽላና በሰዓቱ የተዘራ ማሽላ አንድ ነው እንዴ? ይሄኛው አበባ ሳያወጣ እኮ መስከረም ላይ ዝናቡ ይሄድበታል። ከአሥር ሁለቴ ቢደርስ ነው።»

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በየትኛው የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ላይ እንደቆማችሁ ይወስነዋል ማለት ነው። ኳሱን ከረጢቱ ውስጥ ስንመልስ የነበርነው ይህን እንዳናይ ነው እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሕይወት ያወጣችውን ኳስ መልሳ አትከትም።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። በልግ በቀረባቸው 40 ዓመታት ግትር ሆኖ ያንኑ ማሽላ የሚዘራ ሰው 8 ጊዜ ብቻ ያገኛል። ከ42ቱ ጋር 50 ይሆናል። ከመቶ ሃምሳ፣ የሳንቲም ዕጣ በሉት። ማሽላውን ትቶ ሐምሌ ላይ በሁለት ሦስት ወር የሚደርሰውን ማሾ ወይም ጤፍ የሚዘራስ? እሳቸው እንዳሉት ከአሥር ስምንት ጊዜ የሚላስ አይጠፋም። 40 ሲባዛ በ0.8፣ 32 ነው። ከ42 ጋር 74።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ወደ ማሾ አይዞርም?» ማለቴ አልቀረም። ዛፉ ጫፍ ላይ «ተሳካ» ብሎ የጻፈው ነገር እኩል አይደለም። የተሳካ ማሽላ የዓመት እንጀራ ነው፣ አገዳው ደግሞ የከብት መኖና የምድጃ ማገዶ። ማሾ ለገበያ ነው፤ ዋጋው ደግሞ የራሱ ቅርንጫፍ አለው።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አንድ መጥፎ ዓመት ፍየል ተሽጦ ይታለፋል። የሚያደኸየው ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲከፋ ነው። በደብተሬ ሒሳብ ግትሩ ገበሬ በተከታታይ ሁለቴ የመክሰር ዕድሉ 0.5 ሲባዛ በ0.5፣ ከመቶ 25 ነው። የሚቀያይረው 0.26 ሲባዛ በ0.26፣ ከመቶ 7 ገደማ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ግን ይሄም ቢሆን ውሸት አለበት። በመጀመሪያው ዓመት በሬውን የሸጠ ሰው በሁለተኛው ዓመት በልጉ ቢመጣ እንኳ በምን ያርሳል? ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ወይ የሰው በሬ እስኪያገኝ ጊዜው ያልፍበታል። የእሱ የሁለተኛ ዓመት ቅርንጫፍ 0.26 አይደለም፤ ከዚያ ይበልጣል።

ደግሞ የጎረቤቱ ዛፍም ያው ዛፍ ነው። ለአንዱ የቀረ በልግ ለሌላውም ቀርቷል፤ ሁሉም በሬውን አንድ ላይ ገበያ ያወጣል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ያሳየው ወደዚሁ ይጠጋል፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የመግዣ አቅሙም አብሮ ይጠፋል። በ1977 ባቲ ላይ የነበረውን መጠለያ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይህን ከሴን መማር አያስፈልጋቸውም።

የሚገርመኝ፣ የአገራችን ሚቲዮሮሎጂ ወቅታዊ ትንበያ የሚወጣው በቅርንጫፍ ነው። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ በሦስት ቁጥር ይቀመጣል። ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ሆኖ ይደርሳል። ሁለቱ ቅርንጫፎች መንገድ ላይ ተቆርጠው ቀሩ። ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ ትንበያው ዋሸ ይባላል።

ደብተሩን አዙሬ ሳሳያቸው አባባ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንበጣውን የት አደረግኸው?»

እውነትም ረስቼዋለሁ። ጥቅምት 2013 ላይ የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲሰፍር በልጉንም ክረምቱንም ያለፈ ሰብል ነበር። በየጫፉ ሌላ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ጨመርኩ። ወረቀቱ ጠበበኝ። መንገድ የተዘጋባቸውን ዓመታት ልጨምር ብል ቦታም አልነበረኝ፤ እሳቸውም አላነሱትም።

«እና» አሉ ስኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «የማሾ ዘር ሐምሌ ላይ ሁሉም ሲሻማበት ይወደዳል። አሁኑኑ ግዛ ነው የምትለኝ?»

ከአሥር አራቴ ይፈልጉታል፣ ስድስቴ ሳይዘራ ይቀመጣል አልኩ። ወጪውን ከዋጋው ልዩነት ጋር ማነጻጸር ጀመርኩ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሲሰሙን ኖሯል።

«በልጉ ከመጣ ከሚሴ ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ። ምን ያስጨንቃችኋል?»

እኔ ደብተሬን ሳልዘጋ ሃያ ኪሎ እንዲገዛ ተስማሙ።