ጆክ ስታይን፤ ከከሰል ጉድጓድ እስከ ሊዝበን

ስለ ስኮትላንድ አሰልጣኞች ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በአንድ ወቅት የፈርጉሰን አለቃ ስለነበረው ጆክ ስታይን ነው።

ስታይን እ.ኤ.አ. በ1922 በላናርክሻየር ተወለደ። ሳምንቱን ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ይሰነብትና ቅዳሜ ለአልቢዮን ሮቨርስ በመሐል ተከላካይነት ይሰለፍ ነበር። ኳስ ብቻዋን እንጀራው የሆነችው በ27 ዓመቱ፣ ወደ ዌልሱ ላኔሊ ሲሄድ ነው። በ1951 ሴልቲክ ያስፈረመውም ለተጠባባቂነት ነበር። ነባር ተከላካዮች ሲጎዱ ገባ፤ ገብቶም አምበል ሆነ። በ1954 ሴልቲክ የሊጉንና የስኮትላንድን ዋንጫ ደርቦ ወሰደ።

የቁርጭምጭሚት ጉዳት ጫማውን ሲያሰቅለው ክለቡ ተጠባባቂ ቡድኑን ሰጠው። በእኔ እምነት ትልቁ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ካሰለጠናቸው ወጣቶች አንዱ ቢሊ ማክኒል ነበር።

ከዚያ ዳንፈርምሊንን ያዘና በ1961 የስኮትላንድን ዋንጫ አነሳ፤ በፍጻሜው የረታው የገዛ ክለቡን ሴልቲክን ነበር! በ1965 ሴልቲክ መልሶ ጠራው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የክለቡ አሰልጣኞች ሁሉ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ስታይን ፕሮቴስታንት ነው። ኳስና እምነት በተቆራኙባት ግላስጎው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ግንቦት 25 ቀን 1967 ሊዝበን ላይ ሴልቲክ ከኢንተር ሚላን ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ተፋጠጠ። ኢንተር በ7ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት መርቶ በሩን ዘጋ። ስታይን ግን የተከላካይ ሥራ ማገድ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። የአቻነቱን ጎል ያገባው የግራ ተከላካዩ ቶሚ ጌሜል ነው። በ84ኛው ደቂቃ ቻልመርስ ሁለተኛውን ጨመረ። ሴልቲክ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው የብሪታኒያ ክለብ ሆነ። ተጫዋቾቹ በሙሉ ከሜዳቸው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ የተወለዱ የሠፈር ልጆች ነበሩ። ዋንጫውን ከፍ ያደረገውስ? ያ የተጠባባቂ ቡድኑ ልጅ፣ አምበሉ ማክኒል ነው።

ከ1966 እስከ 1974 ሴልቲክ በተከታታይ ዘጠኝ የሊግ ዋንጫ ሰበሰበ።

መስከረም 10 ቀን 1985 ስታይን የስኮትላንድን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ካርዲፍ ላይ ከዌልስ ጋር አንድ ለአንድ ተለያየ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሜዳው ዳር ወደቀ፤ በዚያው ምሽት በ62 ዓመቱ አረፈ። ቡድኑን ተረክቦ በ1986 ሜክሲኮ ለዓለም ዋንጫ ያደረሰው ረዳቱ አሌክስ ፈርጉሰን ነበር።

ለተጠባባቂነት የተፈረመ ሰው የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?