መኪና ሀብት ወይስ ወጪ?
የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ስሌት

የወልቂጤ ነጋዴ መርካቶ ለመድረስ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነችው ከቡታጅራ የሚነሳው ደግሞ በአለም ገና በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን «የራሴ መኪና ቢኖረኝስ?» ማለቱ አይቀርም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ባለመኪና መናኸሪያ ተራ አይጠብቅም፤ ጠዋት ወጥቶ ማምሻውን ሱቁ ይመለሳል። የማረቆ በርበሬ ሲደርስ ገበያ ቀድሞ የተገኘ መርጦ ይገዛል። ለመስቀል ተወላጁ ወደ አገሩ ሲጎርፍም መሳፈሪያ ፍለጋ አይንከራተትም።

መኪና ዋጋውን ይዞ መቆየቱም ብዙዎችን ይስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ቀድሞ የገዛ ሰው «አተረፍኩ» ቢል አይገርምም። ይሁን እንጂ ሸጦ ሌላ መግዛቱ ካልቀረ፣ ትርፉን መልሶ ለገበያው ያስረክባል።

ወጪውስ? በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ከወልቂጤ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ 31 ሊትር ይፈጃል። በዓመት 50 ጊዜ ቢመላለስ 1,550 ሊትር ነው። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ልዩ ድጎማው የተሰጠው ለሕዝብ ማመላለሻ እንጂ ለግል መኪና አልነበረም። ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ምርመራ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሲታከሉ ሒሳቡ ይከብዳል። ኩንታሉ ደግሞ ለማንኛውም የሚጫነው በአይሱዙ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር። ሆኖም የወልቂጤ ሰው ከመግዛቱ በፊት 310 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልሱን በአንድ ቻርጅ መሸፈኑን፣ ሲበላሽም በቅርብ የሚጠግነው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ነው። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ብር ሸቀጥ ሆኖ በዓመት 6 ጊዜ ቢገላበጥና በየዙሩ 4 በመቶ የተጣራ ትርፍ ቢሰጥ 240 ሺህ ብር ያስገባል። መኪናው በሚቆጥበው ጊዜና በሚያመጣው ገበያ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ከዚህ በላይ ካስገኘ ይገዛ። ካላስገኘ ግን ነጋዴው ካፒታሉን በር ላይ አቁሞ በአውቶቡስ የሚሄድ ተፎካካሪው ይቀድመዋል።