ልጆቻችንን ስለ ንስሐ ስናስተምር ፍቅሩ ይቅደም

«እንዲህ ካደረግህ እግዚአብሔር አይወድህም!» ይህች አጭር ንግግር በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ትሰማለች። የምትነገረውም በክፋት አይደለም። ልጁ ሲዋሽ፣ ታናሹን ሲመታ ወይም ዕቃ ሰብሮ ሲክድ፣ የደከመች እናት ወይም የተቆጣ አባት ቶሎ ያርመዋል ብለው የሚናገሯት ናት። ነገር ግን ልጁ ከዚህች ንግግር ምን ይማራል? የእግዚአብሔር ፍቅር በእርሱ ጠባይ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ጨዋ ሲሆን እንደሚመጣ፣ ሲያጠፋ ደግሞ እንደሚሄድ ይማራል። ይህ ወንጌል አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 5፥8 የእግዚአብሔር ፍቅር የተገለጠልን ከተስተካከልን በኋላ ሳይሆን በኃጢአታችን ውስጥ እያለን መሆኑን ያስረዳል። በሮሜ 2፥4 ደግሞ ሰውን ወደ ንስሐ የሚያመጣው የእግዚአብሔር ቸርነት እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ፍቅሩ ይቀድማል፣ ንስሐ ይከተላል። ንስሐ ፍቅሩን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም።

ንስሐ ምን እንደ ሆነ እናስረዳቸው

ለልጅ «ንስሐ ግባ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በተለይ በውጭ አገር ተወልደው አማርኛን በቤትና በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሰሙ ልጆች ቃሉ ላይገባቸው ይችላል። ቃሉን የሚሰሙት በቁጣ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ የቅጣት ስም ይመስላቸዋል። የብሉይ ኪዳን ነቢያት ሕዝቡን ወደ ንስሐ ሲጠሩ የተጠቀሙበት የዕብራይስጥ ቃል «ሹብ» ሲሆን ትርጉሙ መመለስ ማለት ነው። የአዲስ ኪዳኑ የግሪክ ቃል «ሜታኖያ» ደግሞ የአሳብን መለወጥ ያመለክታል። ለትንሽ ልጅ «መንገድ ስተህ ስትሄድ አባትህ ጠራህ፤ አንተም ዞረህ ወደ እርሱ መጣህ፤ ንስሐ ማለት ይህ ነው» ብንለው ይገባዋል።

በሉቃስ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ስናነብላቸውም አንድ ነገር እናሳያቸው። ልጁ እንደ አንድ ቅጥር ሠራተኛ ልሁን ብሎ ለመለመን ተዘጋጅቶ ነበር። አባቱ ግን ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ፣ አቀፈው፤ ያችን ልመና ሳይናገራት ልብስና ጫማ እንዲያመጡለት አዘዘ።

ይሁዳና ጴጥሮስ

ሁለቱም ደቀ መዛሙርት ነበሩ፤ ሁለቱም ጌታን በደሉ፤ ሁለቱም አዘኑ። ይሁዳ ተጸጽቶ 30ውን ብር መልሷል፣ መበደሉንም በአፉ ተናግሯል (ማቴዎስ 27)። ነገር ግን የተናገረው ለካህናት አለቆች ነበር፤ እነርሱም አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ብቻውን ሄዶ ጠፋ። ጴጥሮስ ግን መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ፣ ጌታ በባሕሩ ዳር መቆሙን ሲሰማ ጀልባዋን ሳይጠብቅ ወደ ውኃው ዘሎ ገባ (ዮሐንስ 21)። በዚያም ጌታ እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

ልዩነቱ ከጸጸት በኋላ ወደ ማን ሄዱ የሚለው ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን ባጠፋ ቀን ወደ ማን ይሮጣል? ዛሬ ብርጭቆ ሰብሮ ከእኛ መደበቅን ከተማረ፣ በ16 ዓመቱ ከብርጭቆ የሚከብድ ነገር ሲገጥመውም ይደበቃል። ከእኛ የተደበቀ ልጅ ከእግዚአብሔርም መደበቅ ያለበት ይመስለዋል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. ጥፋቱን በስሙ እንጥራው። ፍቅር ኃጢአትን አያለባብስም። «አንተ ሌባ» ከማለት ይልቅ «የሱቁን መልስ ወስደህ አልወሰድሁም አልህ፤ ይህ ስርቆትና ውሸት ነው» እንበለው።

2. የበደለውን እንዲክስ እንርዳው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ በፍቅር ከተቀበለው በኋላ ነው (ሉቃስ 19)። ከሱቅ ከረሜላ ሳይከፍል የወሰደ ልጅ ይመልስ። ግን ብቻውን አንላከው፤ እጁን ይዘን አብረነው እንሂድ።

3. ጸሎቱን በራሱ ቃል ይጸልይ። እንባ አናስገድደው፤ የእኛንም ረጅም ጸሎት እንዲደግም አናድርገው። በሚቀናው ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር እግዚአብሔር ይሰማዋል።

4. እኛም ይቅርታ እንጠይቀው። በባህላችን ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቁ ክብሩን የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ያለ አግባብ ተቆጥቶ «ይቅር በለኝ ልጄ» የሚል አባት፣ ንስሐ ለትልልቆችም እንደ ሆነ ያስተምራል።

5. ይቅር ያልነውን አናንሳ። ሚክያስ 7፥19 እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ወደ ባሕር ጥልቅ እንደሚጥለው ይናገራል። እኛ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር የልጁን ያለፈ ጥፋት የምናወራ ከሆነ፣ ይቅርታችን እውነተኛ አይመስለውም።

«እንዲህ ካደረግንማ ልጆቻችን ይቀብጣሉ» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ፍቅርና ተግሣጽ አይጣሉም። ዕብራውያን 12 ተግሣጽን የልጅነት ምልክት ያደርገዋል። ዳዊትም ይቅር ከተባለ በኋላ የኃጢአቱን መዘዝ ቀምሷል (2ኛ ሳሙኤል 12)። ልጅ ጨዋታ ሊከለከል ወይም የሰበረውን ከኪሱ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል። ልጅነቱ ግን አይነካ። ከቅጣቱ በኋላ ማዕድ ላይ እንደ ወትሮው ከጎናችን ይቀመጥ።

በዘዳግም 6 የእግዚአብሔር ቃል በቤትም በመንገድም፣ ስንተኛም ስንነሣም ለልጆች እንዲነገር ታዟል። እንግዲህ ስለ ንስሐ ለመናገር የጥፋት ቀን እስኪመጣ አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት፣ ምንም ባላጠፉበት ማታ፣ ከመተኛታቸው በፊት «ብታጠፋም እወድሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ከእኔ ይልቅ ይወድሃል፤ ስለዚህ ስታጠፋ አትደበቅ፣ ና» እንበላቸው። ያጠፉ ቀን ይህ ቃል መንገዱን ያሳያቸዋል።

ጌታ ቤታችንን ይባርክ።