የፋሲካ ሰንጋ ሒሳብ ከመንዝ ገለባ ይጀምራል

የፋሲካን ገበያ አስቦ ሰንጋ የሚያደልብ ነጋዴ ወጪውን የሚያሰላው በበሬው መግዣ፣ በፋጉሎና በፉርሽካ ነው። ገለባን ከሆድ መሙያ አስበልጦ የሚያየው ጥቂት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ከአውድማ የሚተርፈው ገለባ ግን በዩሪያ ከታከመ የማድለቢያውን ወጪ ሊቀንስ ይችላል።

የገብስና የስንዴ ገለባ የፕሮቲን መጠን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። በበሬው ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን በወጉ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ ገለባውን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ጉልበት ሰጪውን ክፍል አስሮ ይይዘዋል። በሬው ይጠግባል፤ ሥጋ ግን አያወጣም።

ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ከገለባ ጋር ሲታፈን ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው እስሩን ያላላል፤ ፕሮቲኑንም ወደ 7 ወይም 8 በመቶ ያደርሰዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የበሬ ሥጋ ምርቷን ስታሳድግ ይህንኑ ዘዴ በሰፊው ተጠቅማበታለች።

ወጪው ምን ያህል ነው?

ለ100 ኪሎ ገለባ የሚመከረው 5 ኪሎ ዩሪያና ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ነው። አንድ በሬ በቀን 6 ኪሎ ገለባ ቢበላ በ90 ቀን 540 ኪሎ ይጨርሳል፤ ለዚህም 27 ኪሎ ዩሪያ ያስፈልጋል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሁለት በሬ ለማዳረስ ጥቂት ይጎድለዋል ማለት ነው። ዩሪያውን ደግሞ ማሳም ይፈልገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደታየው የዓለም ዋጋ ሲንር ሒሳቡ ይበላሻል።

ስለዚህ መወዳደር ያለበት የዩሪያው፣ የላስቲኩና የጉልበቱ ዋጋ ከሚቆጠበው ፋጉሎ ጋር ነው። የታከመ ገለባ ፋጉሎን ይቀንሳል እንጂ አይተካም። ከደብረ ብርሃን ቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው አተላ ጥሩ ማሟያ ቢሆንም፣ ውኃ የበዛበትና ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ እስከ መሐል ሜዳ ማጓጓዙ አያዋጣም።

ብርዱም ዋጋ አለው

የመንዝ ገብስ ተወቅቶ ገለባው የሚከመረው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት ነው። በቆላማው መርሐቤቴ 3 ሳምንት የሚበቃው እፍኛ በመንዝና በግሼ ብርድ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይጠይቃል። ፋሲካ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቢውል የ90 ቀኑ ቀለብ ጥር አጋማሽ ላይ መጀመር አለበት፤ ጉድጓዱም ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መዘጋት ይኖርበታል። ይህን ያሳለፈ ደላቢ ከሲታ በሬ ይዞ ገበያ ይወጣል።

ጥንቃቄም ያሻል። በውኃ የተበጠበጠ ዩሪያ እንስሳ ከጠጣው ይገድላል። የታከመው ገለባ ከጉድጓድ ወጥቶ ሽታው እስኪበን ድረስ መናፈስ አለበት፤ በሬውም ቀስ በቀስ ይለምደው። የሻገተው ይጣላል፤ ለጥጃም አይሰጥም።

ከሁሉ የከፋው ስጋት መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። የደለበ ሰንጋ የመሸጫ ቀኑ ሲያልፍ ቀለቡ አይቆምም፤ ትርፉ በየቀኑ ይበላል። በዚህ ጊዜ በውድ ፋጉሎ ብቻ ከሚያድር በሬ ይልቅ በታከመ ገለባ የሚያድረው ጥቂት ቀን ያስታግሣል።

ገለባ የሚረክሰው አውድማ ላይ ነው፤ ወደ ግንቦት ሲጠጋ ይወደዳል። የመርሐቤቴን የጤፍ ጭድ ደግሞ ጭቃ ቤት ሠሪውም ይሻማበታል። በመጪው ፋሲካ ለማትረፍ ያሰበ፣ በሬውን ከመግዛቱ በፊት ክምሩን መዋዋል ይበጀዋል።