ተረትና እውነታ፦ የኤፍ-1 ተማሪና የኢንተርንሺፕ ወሬ

«ኩባንያው ቪዛ ካላሠራልህ ኢንተርንሺፕን እርሳው።» አሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከሚሰማቸው ምክሮች መካከል የዚህን ያህል የሚጎዳ የለም። መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም። አብዛኞቹ በዲቪ ወይም በጥገኝነት የመጡ፣ የተማሪ ቪዛ ሕግ እነሱን ነክቷቸው የማያውቅ ዘመድ ወዳጆች ናቸው። ልጁ ግን ገና ሳያመለክት ተስፋ ይቆርጣል።

በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ሰው ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ኢንተርንሺፕ በአብዛኛው የሚሠራው ሲፒቲ በሚባል ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። በውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያለው ኃላፊ፣ ተማሪዎች ዲኤስኦ የሚሉት፣ ሴቪስ በተባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ላይ ይመዘግብና አይ-20 የተባለውን የተማሪነት ሰነድ በአዲስ ያወጣል። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚላክ ማመልከቻም ሆነ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ከድርጅቱ የሚጠበቀው የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ የሳምንቱን ሰዓትና የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን የያዘ የቅጥር ደብዳቤ ነው። በየድርጅቱ የቅጥር ክፍል የሚሠሩ ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ «ስፖንሰር አናደርግም» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ያን ጊዜ ተማሪው ረጋ ብሎ «የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠኝ ዩኒቨርሲቲዬ ነው፤ ከእናንተ የምፈልገው ደብዳቤ ብቻ ነው» ቢል የተዘጋው ሊከፈት ይችላል።

የማመልከቻ ቅጾች ላይ ግን «አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰር ያስፈልግዎታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ለኢንተርንሺፑ ስፖንሰር አያስፈልግም። ከተመረቀ በኋላ በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ እዚያው መሥራት የሚያስብ ሰው ግን «አዎ» ማለት አለበት። በዚህ መልስ ምክንያት ማመልከቻ የሚጥሉ ድርጅቶች አሉ፤ ያበሳጫል፣ ግን እውነት ነው። ዋሽቶ መግባት ከዚህ የከፋ ነው፤ ተማሪው የሰጠው መልስ ከስሙ ጋር ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ሌላው ተረት «ደብዳቤው በእጅህ ከገባ ነገውኑ ጀምር» የሚለው ነው። የአዲሱ አይ-20 ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲፒቲ የሚለው ክፍል አለ። እዚያ የድርጅቱ ስም፣ ሙሉ ሰዓት ወይም ከፊል ሰዓት መሆኑ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ቀን ተጽፏል። ፈቃዱ ለዚያ ድርጅትና ለእነዚያ ቀኖች ብቻ ነው። ሥራው ጁን 1 ይጀምራል ተብሎ ከተጻፈ፣ ሜይ 31 ለትውውቅ ተብሎ ቢሮ ገብቶ መሥራት ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት ይቆጠራል። አለቃው «ሁለት ሳምንት ጨምርልን» ሲልም መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ዲኤስኦው ነው።

ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው የሚፈቅደው? ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ሕጉ ኢንተርንሺፑ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ሲፒቲ የሚፈልግ ተማሪ ሬዝሜውን ከማሳመሩ በፊት የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር መክፈት አለበት። የኢንተርንሺፕ ኮርስ አለ? ስንት ክሬዲት ነው? በክረምት ሲመዘገቡበት ያስከፍላል? ለፒኤችዲ ተማሪ ሥራው የመመረቂያ ጥናቱ አካል ነው ብሎ የሚፈርምለት አማካሪ አለ? ከዚህ ሌላ ተማሪው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የተማረ መሆን አለበት። ከዚህ ነፃ የሚሆኑት ፕሮግራማቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተግባር ሥራን ግዴታ ያደረገባቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው።

ይህቺ ነፃነት ናት አደጋውን የጠራችው። «እገሌ ኮሌጅ በተመዘገብክበት ቀን ሲፒቲ ይሰጥሃል፣ ክፍል መግባትም የለብህም» የሚል ደላላ በየከተማው አይጠፋም። ሚሺጋን ውስጥ የፋርሚንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም ነበር። ድረ ገጽ ነበረው፣ ስሙም መንግሥት ዕውቅና በሰጣቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኝ ነበር። መምህርና ክፍል ግን አልነበረውም፤ የኢሚግሬሽን መርማሪዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ወጥመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ሲገለጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ህንዳውያን፣ የትምህርት ክፍያቸውንም ሕጋዊ ቆይታቸውንም አጡ። ከዚያ በፊት በኒው ጀርሲም ተመሳሳይ ወጥመድ ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ተገልጧል። በመጀመሪያው ቀን ሲፒቲ የሚሰጥ ኮሌጅ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ኤች-1ቢ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠየቅ መርማሪው «ያን ጊዜ በእርግጥ ትማር ነበር?» ብሎ ማስረጃ ሊያስቆጥር ይችላል። አንድ ቤተሰብ አንጀቱን አስሮ የላከው ልጅ በደላላ ቃል እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሲገባ ማየት ያማል።

«ሲፒቲ ከወሰድክ ኦፒቲህን ታጣለህ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ፣ ኦፒቲ፣ የሚቀረው በሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወርና ከዚያ በላይ ለሠራ ነው። የአንድ ክረምት ሦስት ወር ምንም አይነካውም። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚሠራ ሲፒቲም ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

«ደሞዝ ከሌለው ፈቃድ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት በነፃ ማገልገል አንድ ነገር ነው። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሌላ ሠራተኛን ሥራ በነፃ መሥራት ሌላ ነው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴርም ከኢንተርንሺፑ ይበልጥ የሚጠቀመው ተማሪው ነው ወይስ ድርጅቱ ብሎ የሚመዝንበት መስፈርት አለው። ክፍያ ባይኖረውም ሲፒቲ ማውጣት ይሻላል።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚማሩ አንድ ብዙ የማይታወቅ መንገድ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተከራይቶ የሚኖር የኢኮኖሚክስ ወይም የጤና ፖሊሲ ተማሪ የዓለም ባንክና የአይኤምኤፍ ሕንፃዎች በባቡር ጥቂት ፌርማታ ይርቁታል። እንዲህ ያለ በሕግ የታወቀ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለኤፍ-1 ተማሪ ቦታ ከሰጠ፣ ሲፒቲ ባይኖረውም ራሱን የቻለ የሥራ ፈቃድ ይፈቀድለታል። ይህኛው ግን በቅጽ አይ-765 ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ ስለሆነ ክፍያም ረዘም ያለ ጊዜም ይፈልጋል። በፉልብራይት የሄዱ የጄ-1 ተማሪዎች መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ የእነሱ ፈቃድ አካዳሚክ ትሬኒንግ ይባላል፣ የሚያወጡትም በፕሮግራማቸው ስፖንሰር በኩል ነው።

ግሪን ካርድ ያላቸውስ? «እኛን ምንም አይመለከተንም» ይላሉ። የሥራ ፈቃድ አያስጨንቃቸውም፣ እውነት ነው። ሆኖም ናሳ ለኢንተርኖቹ ዜግነት ይጠይቃል፤ ብዙ የፌዴራል ቦታዎችም እንዲሁ። በሌላ በኩል በመከላከያ ቴክኖሎጂ የሚሠሩ የግል ድርጅቶችን የሚመለከተው የኤክስፖርት ሕግ ግሪን ካርድ ያለውንም፣ ስደተኝነቱ የጸደቀለትንም እንደ ዜጋ ይቆጥራል። የምስጢር ማረጋገጫ ለማይጠይቅ ሥራ ሞክሮ ማየት ነው። የረዳትነት ደሞዝ የሚከፈለው የፒኤችዲ ተማሪም፣ ዜጋም ቢሆን፣ ውሉ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ መሥራትን ይከለክል እንደሆነ ማንበብ አለበት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችና ባንኮች ለክረምቱ ኢንተርን የሚመለምሉት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ወደ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ነው። መጋቢት ላይ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ትናንሽ ድርጅቶችን፣ ላቦራቶሪዎችንና በጎ አድራጎት ተቋማትን ነው፤ እነዚያም መናቅ የለባቸውም።

በመጨረሻ ግብር። «ተማሪ ግብር አይከፍልም» ስህተት ነው። የገቢ ግብር ይከፍላል፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ በገቢ ግብር ላይ ስምምነት ስለሌላቸው ከዚያ በኩል የሚገኝ ቅናሽ የለም። ሆኖም የኤፍ-1 ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት የካሌንደር ዓመታት ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ግብር፣ በድምሩ ከደሞዙ 7.65 በመቶ፣ ነፃ ነው። የደሞዝ ክፍሎች ይህን ሳያውቁ ይቆርጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው የደሞዝ ወረቀት ሲመጣ በእነዚህ ሁለት ስሞች የተቆረጠ ገንዘብ መኖሩን ማየት፣ ካለም ድርጅቱ እንዲመልስ በጽሑፍ መጠየቅ፣ አልመልስም ካለ ደግሞ በቅጽ 843 ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ማስመለስ ይቻላል።